በነጻ ያፈረስሁት ትዳር

ቤት አፍራሽ ሠራተኛ ቢያንስ መዶሻ ይይዛል፤ አቧራ ይለብሳል፤ የሚያየውም ሰው ሸሸት ብሎ ይቆማል። እኔ ያፈረስሁት በእስክሪብቶ፣ በነጻና በፈገግታ ነው። መጨረሻ ላይም «ለኅብረተሰቡ ላበረከተው አስተዋጽኦ» የሚል የምስክር ወረቀት ሰጥተውኛል። ወረቀቱን አልጋዬ ሥር ከአሮጌ ጫማዬ ጋር አስቀምጨዋለሁ፤ ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ሲያፈጥብኝ ይውላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ባሕር ዳር፣ ፔዳ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ። አራተኛ ዓመት ስንደርስ መምህራችን መነጽራቸውን አወለቁና «ሕግ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም፤ ወደ ሕዝቡ ውረዱ» አሉን። መምህራችን መነጽራቸውን ሲያወልቁ ፊታቸው ያለነውን አያዩንም፤ ትልልቅ ነገር የሚናገሩትም ያኔ ነው። እኛም ወደ ሕዝቡ ወረድን። ከፔዳ ወደ ሕዝቡ የሚወረደው ግን የዘንዘልማ ሚኒባስ ላይ በመውጣት ነው፤ ያውም ጉልበትን ከአገጭ ጋር አጋጥሞ።

ዘንዘልማ ትናንት ጤፍ የታጨደበት መሬት ላይ ዛሬ ብሎኬት የሚቆለልበት ሰፈር ነው። እዚያ አንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ፣ ቀድሞ ማዳበሪያ ይከማችበት የነበረ ክፍል ሰጡን። ክፍሉ ተጠርጓል፣ ታጥቧል፣ ቀለምም ተቀብቷል፤ ማዳበሪያው ግን ከግድግዳው አልወጣም። የሚገባ ሰው ሁሉ ብሶቱን ገና ሳይጀምር ዐይኑ እንባ ያቀራል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን «ይህ ሕዝብ ምን ያህል ቢበደል ነው!» እያልሁ አብሬ አለቅስ ነበር።

በሩ ላይ «ነጻ የሕግ ምክር» የሚል ጨርቅ ሰቀልን። የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ አንዲት እናት ነበሩ። ጨርቁን መንገደኛ አስነብበው ገቡና «ልጄን ከእስር ነጻ የምታወጡልኝ እናንተ ናችሁ?» አሉኝ።

«አይ እናቴ፣ ነጻ ማለት ያለ ክፍያ እንመክራለን ማለት ነው።»

«ያለ ክፍያማ እኔም ስመክረው ኖሬያለሁ፤ መች ሰማኝ!» ብለው ወጡ።

ከሳቸው በኋላ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ መጣ። ሽንት ቤቱ ወዴት እንደሆነ የሚጠይቅ መጣ። ከዝናብ የሚጠለል መጣ፤ ይህኛው እንኳ ዝናቡ እስኪያባራ ስለ ሰብዓዊ መብት በትዕግሥት ሰምቶኛል። ጉዳይ ያለው ግን ጠፋ። እኔ ደግሞ ጉዳይ ርቦኝ ነበር። እናቴ ቆላ ድባ እህል ገበያ ውስጥ «ልጄ ባሕር ዳር ፈራጅ ሆኗል» ብላ አስወርታለች። ለእረፍት ስሄድ ጤፍ የምትሰፍረው ሴት ሳትቀር ከተቀመጠችበት ትነሣልኛለች። ያልፈረደ ፈራጅ መሆን እንዴት እንደሚያሳፍር የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

ክፍሉን የምጋራት ሃያት የምትባል የክፍሌ ልጅ ነበረች። የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ እነሱ ቤት ሕፃን አፉን የሚፈታው በክርክር ነው ይባላል። እኔ ሰኞና ረቡዕ እገባለሁ፤ እሷ ማክሰኞና ሐሙስ። በሰኞና በማክሰኞ መካከል የሰው ትዳር ይወድቃል ብሎ ማን ጠረጠረ?

በአንዱ ሰኞ ጋሽ አላምረው ገቡ። ረዘም ያሉ፣ ጎንበስ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ከፊቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እሱንም አስተካክለው ሲያበቁ ተቀመጡ።

«የኔ ልጅ፣ ወረቀት ትጽፋለህ አሉ።»

«እጽፋለሁ ጋሼ። ምን ዓይነት ወረቀት?»

«የምታስደነግጥ።»

ነገሩን ዘረዘሩልኝ። እርሻቸው ወደ ከተማው ተጠቃሎ በምትኩ ለቤት የሚሆን ቦታ ተሰጣቸው። እዚያ ላይ የጭቃ ቤት ጀመሩ። ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተመቷል፣ መስኮቱ ተከፍቷል፤ የቀረው በሩ ነው። ጋሽ አላምረው በሩ ወደ አስፋልቱ ይሁን አሉ። ባለቤታቸው እትየ ውባለም ወደ ጓሮ ይሁን አሉ። አናጢው አንዱን ሲሰማ፣ ሌላዋን ሲሰማ ሰነበተና «ስትስማሙ ጥሩኝ» ብሎ መጋዙን ጠቅልሎ ሄደ። ቤቱ በር የሌለው ሆኖ ቀረ። ባልና ሚስት ከጎኑ በቀለሷት ዳስ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ይተኛሉ።

«እና አንተ» አሉኝ፣ «‹በሩ ወደ አስፋልት ይሁን› የምትል አንዲት መስመር። ማኅተም ያለባት። ሌላ አልፈልግም።»

ጤነኛ ሰው ቢሆን ምን ይላል? «ጋሼ፣ ቤትዎ ይግቡና ከባለቤትዎ ጋር ተነጋገሩ» ይላል። እኔ የቤተሰብ ሕጉን ገለጥሁ። ስለ በር ፈለግሁ፤ የለም። ስለ ፍቺ ግን ሙሉ ምዕራፍ አለ። ምዕራፍ ያለው ነገር ተቀምጦ ምዕራፍ በሌለው ምን አስጨነቀኝ!

«ጋሼ፣ የፍቺ ክስ ብንጽፍስ?»

«ያስደነግጣል?»

«ከሱ በላይ የሚያስደነግጥ የለም።»

አሰቡ። «ከደነገጠች በኋላ ግን እንተወዋለን፤ አይደል?»

«በማንኛውም ጊዜ መተው ይቻላል» አልሁ። እውነቴን ነው፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ክስ መተው እንደሚቻል ሕጉ ይናገራል፤ ክስ አንዴ የሰማውን ጆሮ ምን እንደሚያደርጉት ግን የሚናገር አንቀጽ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ጥያቄዬን ጀመርሁ።

«ባለቤትዎ ሰድበውዎት ያውቃሉ?»

«ታዲያ እሷ ካልሰደበችኝ ማን ይሰድበኛል?»

ጻፍሁ፦ «ተከሳሽ የከሳሽን ክብርና ሞገስ የሚያዋርዱ ንግግሮችን በተደጋጋሚ በመሰንዘር።»

«መትተውዎትስ?»

«ኧረ በስመ አብ! እሷ? አንድ ጊዜ የእቃ እጣቢ ስትደፋ እግሬን አርሳኛለች። ጨለምለም ብሎ ስለነበር አላየችኝም።»

ጻፍሁ፦ «በከሳሽ አካል ላይ ፈሳሽ ነገር በመድፋት።» አለማየታቸውን ተውሁት፤ ዓረፍተ ነገሩን ያበላሽብኝ ነበር።

«ልጆች አሏችሁ?»

ጋሽ አላምረው ባርኔጣቸውን ከጠረጴዛው አነሡና ውስጡን አዩት። «የለንም» አሉ። ቀጠልሁ።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ክሱን ሠራሁት። ሠራሁት ስል ሙሽራ እንደማስጌጥ ነው። እያንዳንዱን አንቀጽ ኩል ኳልሁት፣ ጥርስ ነቀስሁት። የመጨረሻው ገጽ ላይማ ራሴ ጽፌ ራሴ ደነገጥሁ። ረቡዕ ሲመጡ አነበብሁላቸው። ጋሽ አላምረው አፋቸውን ከፍተው ሰሙ።

«ይህን ሁሉ ያልሁት እኔ ነኝ?»

«በሕግ ቋንቋ ነው ጋሼ።»

«ቋንቋስ ሸጋ ነው። ቅዳሴ ይመስላል» አሉና የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ለቀብር እንደሚቸኩሉ ነግረውኝ አውራ ጣታቸውን አትመው ሄዱ።

ክሱ ፍርድ ቤት ገባ። መጥሪያው ለእትየ ውባለም ደረሰ። እትየ ውባለም እውነትም ደነገጡ፤ ጋሽ አላምረው የፈለጉት ይህንን ነበርና እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ ዛሬ እኔም ይህን ወግ ባላወጋኋችሁ። ግን የደነገጠ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጎረቤት «ቀበሌ ግቢ ውስጥ በነጻ የሚጽፉ ልጆች አሉ» አላቸው። እትየ ውባለም ሄዱ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

እኔና ሃያት በተለያየ ቀን እንግባ እንጂ በየቀኑ እንገናኛለን። ታዲያ ለምን አልተነጋገራችሁም ትሉኝ ይሆናል። የባለጉዳይ ምስጢር መጠበቅ እንዳለብን የተማርነው በዚያው ሰሞን ነበራ! ከተማርነው ሁሉ ያችን አንዲት ነገር አጥብቀን ያዝናት።

አንድ ቀን ፔዳ ፊት ለፊት ካለች ካፌ አንድ ፈጢራ አዝዘን እንካፈላለን። እኔ ፊቴ ጠቁሯል፤ የተከሳሽ መልስ ደርሶኛል።

«አንድ አረመኔ ጠበቃ ገጥሞኛል» አልኋት። «ምስኪን ሽማግሌ ደንበኛዬን የማይለው የለም። ሰውየው በወር አንዴ ማኅበር ሄደው ጠላ ቢቀምሱ ‹ለአልኮል መጠጥ ሱስ የተጋለጠ› ብሎ ጻፈባቸው። በተፈጥሯቸው ዝምተኛ ቢሆኑ ‹በዝምታ ሥነ ልቡናዊ ጥቃት የሚፈጽም› አላቸው። ይህ ሰው ኅሊና አለው?»

«የኔው ይብሳል» አለች ሃያት ማር እያጠቀሰች። «ደንቆሮ ነው፤ ግን ምላሱ ይረዝማል። ደንበኛዬ እጣቢ ውኃ ሲደፉ የባላቸውን እግር ነክቶት፣ አካል ላይ ፈሳሽ ደፉ ብሎ ከሰሳቸው። አሲድ አስመሰለው እኮ!»

ሹካዬን አስቀመጥሁ።

«ደንቆሮ አልሽው?»

«ታዲያ ሌላ ምን ልበለው?» አለችና ዐይኔን አየች። እጇ ከነሹካው አየር ላይ ቀረ። «ያ አላህ» አለች ቀስ ብላ፤ «አንተ ነህ?»

አስተናጋጁ መጥቶ ፈጢራው ምን ጎድሎት እንደሆነ ጠየቀን። ምንም አልጎደለውም ነበር።

ወደ መምህራችን ሮጥን። በዚህ ጊዜ መነጽራቸውን አላወለቁም። «አንድ ቢሮ ለከሳሽም ለተከሳሽም! ይህ የጥቅም ግጭት ነው። ሁለታችሁም ከዛሬ ጀምሮ ከጉዳዩ ውጡ!» አሉን። ትክክል ናቸው፤ ሥነ ምግባሩ የሚለው ይህንን ነው። ስለዚህ እሳቱን ከለኮስን በኋላ ሥነ ምግባራችንን ይዘን ከቤቱ ወጣን።

ጋሽ አላምረውን ላሰናብታቸው ሄድሁ።

«አሁንማ የሷ ወገን ሆነሃላ» አሉኝ። «ምን ሰጠችህ?»

«ጋሼ፣ ማንም ምንም አልሰጠኝም። አሁንም ክሱን መተው ይችላሉ። እባክዎ ይተዉት።»

«መተውማ ያኔ ነበር። አሁን ሰካራም ተብያለሁ። ይህ ሳይጠራ ብተወው ሰካራም ሆኜ መቅረቴ አይደል?»

ሃያትም ለእትየ ውባለም ያንኑ ብትነግራቸው «እኔ ሰው ላይ የምደፋ ሴት ተብዬ ቤቴ ልግባ?» አሏት። አንዱ የሌላው ወረቀት ሳይነሣ የራሱን አላነሣም አለ። ክስ ማለት ለካ እንደ ቀንበር ነው፤ አንዱ በሬ ብቻውን ማውለቅ አይችልም።

ችሎት ቀረቡ። እኔና ሃያት እንደ ሌባ ከኋላ ተቀመጥን። ዳኛዋ ድካም ያለባቸው፣ ድምፃቸው ለስላሳ የሆኑ ሴት ናቸው።

«ለመሆኑ የጠባችሁ መነሻ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«በር» አሉ ጋሽ አላምረው።

«በር» አሉ እትየ ውባለም።

ዳኛዋ ፋይሉን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጡት። ያን ሁሉ ስንጽፍ እኔም ሃያትም በር የምትል ቃል አንድ ቦታ እንኳ አላስገባንም። ዳኛዋ ቀና ብለው አዳራሹን ሲያዩ እኔ ጫማዬን አሰርሁ፤ ክር የሌለው ጫማ ነበር። ከዚያ «ሽማግሌዎች ምረጡና ተነጋግራችሁ ተመለሱ» ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

ሽምግልናው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚያው ባልተጨረሰው ቤት ውስጥ ሆነ። ሽማግሌዎቹ «ጠቡ ያለበት ቤት ውስጥ ይፈታ» አሉ። ቤቱ በር እንደሌለው ግን ያሰበ አልነበረም። ስለዚህ ነጫጭ የለበሱ የተከበሩ ሽማግሌዎች በርጩማ ላይ እየወጡ በመስኮት ገቡ። የነፍስ አባታቸው ቄስ ቀሚሳቸው ምስማር ይዞት ግማሽ አካላቸው ቤት፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ትንሽ ቆዩ፤ እንዲያም ሆነው ግን ሰላምታ አላቋረጡም። እትየ ውባለም አጠር ያሉ ናቸውና ሰው ደግፎ አስገባቸው። እኔና ሃያት ጉዳዩ አይመለከተንም፤ መስኮቱ ሥር ቆመን ጭንቅላታችንን ብቻ አስገባን።

አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ክሱንና መልሱን እንዲያነቡ ተመረጡ። ምነው ዐይናቸው ደክሞ በነበር! አንድ ቃል ሳይገድፉ፣ በዜማ፣ ነጠላ ሰረዟን ሳይቀር እያከበሩ አነበቡ። «የከሳሽን ክብርና ሞገስ...» ሲሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። «ለአልኮል መጠጥ ሱስ...» ሲባል ሌላው ራሱን ያዘ። ሁለቱ ባለጉዳዮች ግን የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሰው ግራ ተጋብተው ይተያዩ ነበር።

ቄሱ አላስችላቸው አለ። «በቃ! ይህን ቅኔ እናቆየውና፣ ለመሆኑ በሩ ምን አድርጓችሁ ነው? ውባለም፣ አንቺ ጀምሪ።»

እትየ ውባለም ለረጅም ጊዜ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አባቴ፣ በጓሮ በኩል ብሳናዋ ትታያለች። የእርሻችን ዳር ላይ ያለችው። ትርንጎን እዚያ ጥላ ሥር አስተኝቻት ነበር የማርም። ገና መሄድ ስትጀምር ከጥላው ወጥታ በጤፉ ውስጥ ወደ እኔ ስትመጣ... በሬን ስከፍት ያችን ዛፍ ብቻ እንዳይ ብዬ ነው። ሌላ ጥጋብ የለብኝም።»

ትርንጎ ማን እንደሆነች እኔ አላውቅም ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን ያውቃል። አንዲት ልጅ ወልደው በጨቅላነቷ እንደቀበሯት ሃያት ጆሮዬ ላይ አንሾካሾከችልኝ፤ ለካ ለሷ ነግረዋት ኖሯል።

«አንተስ አላምረው?»

ጋሽ አላምረው መሬት መሬቱን እያዩ «እኔም እሷኑ ላለማየት ነው» አሉ። «ዛፏን ሳይ ልጅቱ ትመጣብኛለች። መንገድ መንገዱን ባይ፣ ባጃጁን ባይ፣ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

ይህን ያህል ዘመን አብረው ሲኖሩ አንዳቸው ለአንዳቸው ይህን ተናግረው አያውቁም፤ ከሁለቱ ፊት ይታያል። እትየ ውባለም «ምነው ብትነግረኝ?» አሉ። ጋሽ አላምረው «ምን ብዬ ውቤ?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ዐይናቸውን ጠረጉ፤ እዚያ ቤት ውስጥ ማዳበሪያ አልነበረም። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡና ሊያሳልሙ ብድግ አሉ። ሃያት እጄን ጨበጠችኝ። ተርፈን ነበር። በእግዚአብሔር ስም እላችኋለሁ፣ ተርፈን ነበር!

«ይቅርታ» አሉ ጡረተኛው አስተማሪ፣ «አንዲት ገጽ ትቀራለች። ሳይነበብ የቀረ ነገር ካለ እርቅ አይጸናም።»

«አያስፈልግም!» ብዬ በመስኮቱ ጮህሁ።

«ዝም በል አንተ! ሽማግሌ ፊት ነው» አሉኝ።

አስተማሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «‹በመጨረሻም፣ ከዚህ ጋብቻ አንድም ልጅ ያልተወለደ፣ ጋብቻውም እንደ ደረቀ ግንድ ያለ ፍሬ የኖረ በመሆኑ፣ ይኸው ጋብቻ እንዲፈርስ ከሳሽ በትሕትና ይጠይቃል።›»

ያ ገጽ የኔ ነው። ያስጌጥሁት፣ የኳልሁት፣ ጋሽ አላምረው ሳይሰሙት ጣታቸውን ያተሙበት። ሃያትም ክሱ እጇ ሲገባ እንደ ተራ ማሳረጊያ ቆጥራ ዘልላዋለች። ግማሿን ከመጽሐፍ፣ ግማሿን ከልቤ ነበር ያመጣኋት። ያ የደረቀ ግንድ ከልቤ ነው።

እትየ ውባለም ወደ ባላቸው ዞሩ። አልጮሁም። «አላምረው፣ ትርንጎን አልወለድሁም?»

ጋሽ አላምረው አፋቸውን ከፈቱ። መጀመሪያ ባለቤታቸውን፣ ቀጥሎ በመስኮቱ እኔን አዩ። ከዚያ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ፤ ድምፅ አልወጣም። እትየ ውባለም ተነሡና ማንም እጃቸውን ሳይዛቸው፣ ቁመታቸው የማያደርሳቸውን መስኮት ቧጥጠው ወጡ። ወደ ዳሱም አልተመለሱም፤ እህታቸው ቤት አደሩ።

እኔና ሃያት የዚያን ዕለት ከተማ ወርደን ጣና ዳር ተቀመጥን። ዓሣ የሚጠብሱ፣ ፎቶ የሚነሡ፣ የሠርግ ሙሽሮች፤ የሚጋባው ሁሉ እኛን ለማናደድ የወጣ ይመስል ነበር። አንድ የይብራ ወፍ ውኃው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ዳኛ ያየናል።

«አባቴ ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ሲጣሉበት ለሁለቱም ሻይ ያዛል» አለች ሃያት። «እኛ ለሁለቱም ድንጋይ አቀበልን።»

ሻይ አዘዝሁላት፤ አልጠጣችውም።

ሽምግልናው ፈረሰ ተብሎ ፋይሉ ተመለሰ። ፍርድ ቤቱ ከዚያ በኋላም ጊዜ ሰጣቸው፤ አስቡበት አላቸው። አልሆነም። ፍቺው ተወሰነ፤ ቤቱም እኩል ይካፈል ተባለ። አናጢው መጋዙን ይዞ ተመለሰና መሐሉ ላይ ግድግዳ አቆመ። የጋሽ አላምረው ግማሽ በሩ ወደ አስፋልት ተከፈተ። የእትየ ውባለም ግማሽ በሩ ወደ ጓሮ ተከፈተ። ሁለቱም የጠየቁትን በር አገኙ። ለመምህራችን ባቀረብነው ሪፖርት ላይ ጉዳዩ «እልባት ያገኘ» በሚለው ሥር ተመዝግቧል። የምስክር ወረቀቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለእናቴ አልነገርኋትም። ብነግራት ቆላ ድባ ገበያ ሙሉ ለእልልታ ትጠራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ አላምረው በሰው ስልክ አስደውለው ጠሩኝ። እግሬን እየጎተትሁ ሄድሁ። በራቸው ላይ አስፋልቱን ትይዩ ተቀምጠዋል። ፂማቸውን ተላጭተዋል፤ ኮት ለብሰዋል፤ በዚያ ፀሐይ።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ምንም አልጽፍም» አልሁ ገና ሳልቀመጥ።

«መጻፉንስ ተወው። ሽማግሌ ሁነኝ።»

«እኔ?»

«ሌሎቹ ታክቷቸዋል። ሂድና ‹አላምረው እንደገና ሊያገባሽ ይጠይቅሻል› በላት።»

ፂሜ እንኳ በቅጡ አልበቀለም። ለአማላጅነት የሚላከው የተከበረ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያ ሰፈር ብቅ ስል ሕፃን ልጅ የሚደበቅብኝ ሰው ሆኛለሁ። ግን እንዴት እምቢ ይባላል? ቤቱን ዞርሁት።

እትየ ውባለም በራቸው ደፍ ላይ ተቀምጠው ሽንብራ ይለቅማሉ። ከፊታቸው፣ ከእርሻው ላይ፣ አዲሱ ባለይዞታ የቆርቆሮ አጥር አቁሟል፤ ከአጥሩ በላይ የብሳናዋ ጫፍ ብቻ ትታያለች። ሳያዩኝ አልቀሩም፤ ቀና ግን አላሉም።

«ና ተቀመጥ ልጄ። በልተሃል?»

ምነው ቢሰድቡኝ! ቆሎ አቀረቡልኝ። እኔም የተላክሁበትን ተናገርሁ። ከዚያ ያልተላክሁበትንም ተናገርሁ፤ «እትየ፣ ያችን ገጽ የጻፍኋት እኔ ነኝ። ጋሽ አላምረው አላሉም። ሳላነብላቸው ነው ጣታቸውን ያተሙት። በእኔ ይፍረዱ፤ በሳቸው አይፍረዱ።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«አላምረው ይህን ያህል ቃል ከየት አምጥቶ? እሱ እንኳን ‹የደረቀ ግንድ› ሊል ‹እንጀራ ስጪኝ› ማለት የሚከብደው ሰው ነው። አንተ እንደሆንህ ያን ዕለት በመስኮት ስትጮህ አውቄያለሁ።» አንዲት ጠጠር ከሽንብራው ውስጥ ለቅመው ወዲያ ጣሉ። «አንተንስ ምን ብዬ እቀየምሃለሁ? አንተ ልጅቱን አታውቃት። እሱ ግን ሲነበብ ቁጭ ብሎ ሰማ። ‹ወልዳለች› የምትል አንዲት ቃል ነበረች፤ ያችን እንኳ ከአፉ አላወጣትም።»

ከዚያ በኋላ ስለ ዝናቡ አወሩኝ። ቆሎውን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። አንድም ክፉ ቃል ሳይናገሩ ሸኙኝ፤ እኔም አንድም አንቀጽ ሳልጠቅስ ወጣሁ።

በቤቱ ጎን ያለችው መንገድ አጭር ናት። ያን ቀን ግን አላልቅ አለችኝ። ጋሽ አላምረው ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ይጠብቁኛል።

«ምን አለች?»

እምቢ አሉ ለማለት አፌን ከፈትሁ። ኮታቸውን አየሁት፤ ቁልፉ ሁሉ ተቆልፏል።

«ቀጠሮ ሰጡ» አልሁ።

ፊታቸው ቦግ አለ። ባርኔጣቸውን ደፉና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ለመቼ?»